ውሃ ልክ

ከምሽቱ ሦስት ሰዓት፣ መብራት ሄደ ደግሞ፤
የጦሳ ጭጋግ ወርዷል፣ ሆጤ ላይ ተጋድሞ።
ፍሪጁ ውስጥ አሉ ሁለት ብልቃጥ ኢንሱሊን፣
ከእንቁላሉ ጎን የቆሙ፣ የይማም ቀሪ ቀን።
ሻርፔን አጥብቄ፣ ባትሪ በጥርሴ ነክሼ፣
ገመዱን ሁለቴ ሳብኩት፣ በሦስተኛው አስነሥቼ
እፎይ ብዬ ሳልጨርስ፣ ገና በሩን ሳልዘጋው፣
ሁለቴ ስሎ ዝም አለ። ትንፋሹን ምን ወሰደው?

ሆዱ ላይ አንዲት ቀይ መብራት፣
የዘይት ጣሳ ሥዕል ያለባት፣
ብልጭ፣ ብልጭ፣
«መልሱን አውቃለሁ» እንደሚል ተማሪ ጣት።

«ዘይት ነው!» አለ ይማም፣ ተከናንቦ፣ በመስኮት።
አርባ ዓመት እንዲህ ነው፤ ምርመራው ሁሉ በመስኮት።

አልቸኮልኩም። ዘይቱ እስኪሰክን ጠበቅኩ።
ኮምቦልቻ፣ ፈትል ክፍል፣ ሃያ ሁለት ዓመት ቆሜ
የተማርኩት ቢኖር ይሄ ነው፦ ማሽን አይዋሽም።
ያየውን ይናገራል፤
የት ቆሞ እንዳየው ግን አይነግርሽም።

መለኪያዋን ዘንግ መዘዝኩ፣ በአሮጌ ካልሲ ጠረግኩ፣
መልሼ ነከርኩ፣ አወጣሁ፣ ወደ ባትሪዬ አስጠጋሁ።
ዘይቱ ማር ይመስላል፤ ከላይኛው መስመር የጎደለው
የስንዴ ፍሬ ታህል ነው።
ቢሆንም ጨመርኩለት፣ ከሰኞ ገበያ የገዛሁትን፣
በይማም የሽሮፕ ክዳን ለክቼ።
ሳብኩ። ተነሣ። ቆጠርኩ። አርባ ላይ
ዝም።
ብልጭ።

ሙሄ ጋ ደወልኩ፣ ሸዋበር ጋራዥ ያለው፤
እንቅልፍ አፉን ሞልቶት፣ «እትዬ ሉባባ፣ ቀላል ነው፤
ከሥር ቢጫ ሽቦ አለች፣ ይንቀሏት፤ እስኪነጋ ይሠራል፤
ሰው ሁሉ እንደዚያ ያደርጋል።»

ሽቦዋን አገኘኋት፤ ቀጭን ናት፣ እንደ ስፌት ክር።
በሁለት ጣቴ ያዝኳት።
ፋብሪካ ሳለን አንድ ሌሊት እንዲህ ያለች ሽቦ ተነቀለ፣
ደወሉ አስቸገረን ተብሎ፤
ሲነጋ የጦይባ ሁለት ጣት አልነበረ።
ለቀቅኳት።

ብርጭቆ ውሃ ቀድቼ ወጣሁ። ለእሱ መስሎት
እጁን ዘረጋ ይማም።
የሞተሩ ጀርባ ላይ አኖርኩት፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ዝም።
በአንድ በኩል ከአፉ ደርሷል፣ በሌላው ግማሽ ጣት ጎድሏል።
ውሃ አያዳላም። መሬቱ ነው ያዘነበለ።
ዘይቱ ወደ ቁልቁለቱ ሸሽቶ መለኪያዋ ሥር ተኝቷል፤
ያቺ ቀይ ደግሞ ወዲያ ማዶ፣ ደረቁ ላይ ቆማ፣
የለም ትላለች፣ የለም፣ የለም።
ሁለቱም አልዋሹም።

ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጌ ከግራ እግሩ ሥር ሰጠሁት፣
ቢያንስ የቆርቆሮ ቁራጭ ደረብኩበት፣
ውሃው እስኪስተካከል።
ዘንጓን ደግሜ ነከርኩ፤ አሁን ግማሿ ደርቃ ወጣች።
አሁን ጉድለቱን አየሁት። ሞላሁት።
ሳብኩ። አርባ አለፈ። መቶ አለፈ። ሁለት መቶ።
ፍሪጁ ማንጎራጎር ጀመረ።
«ዘይት ነው አላልኩሽም?» አለ ይማም፣
ብርድ ልብሱን ሳበ፣ ረትቶ።

እኔ ግን ብርጭቆዬን ይዤ ቀረሁ።
ይህ ሲሚንቶ ሲፈስ፣ አምና ያቻምና፣ ግንበኛው አጠገብ ቆሜ ነበር፤
የውሃ ልኩ አረፋ መሐል ላይ ነበረች፣ ምስክር ነኝ።
ከሰኔ ወዲህ አልዘጋ ያለው የጓዳ በር፣
ይማም «እንጨቱ ዝናብ ጠጥቶ ነው» ያለው፤
ሳሎን ያለችው ስንጥቅ፣ ለዒድ በቀለም የሸፈንናት።

ብርጭቆውን ደጃፉ ላይ አኖርኩት።
ከዚያ ሳሎን። ከዚያ ከይማም ራስጌ።
ሦስቱም ጋ ውሃው ወደ አንድ ወገን አየ፣ ወደ ገደሉ።

ለሞተሩ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ በቃው።
ይማም ጠምቶት ነበር፤ ብርጭቆውን ሰጠሁት።
ቀጥ አድርጎ ይዞ ጠጣው።